ኢስማኤል ጫማውን ሰቀለ አሉ

ኢስማኤል ኳስ አቁሟል፣ ጫማውን ሰቅሎ ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል የሚል ወሬ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ጅቡቲ ውስጥ ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈራችን ገባ። ጊዜው በፈረንጆቹ 2017 ነው። ወሬውን ያስገባው ካሣ ነው። ካሣ የተሳቢ ሾፌር ነው፤ ከአዲስ አበባ ቡና ያመጣል፣ ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭኖ ይመለሳል። ቀረጥ የማይከፈልበትን ብቸኛ ሸቀጥ፣ ወሬን፣ ግን ሲመጣም ሲሄድም ይጭናል። እትዬ ፋናዬ ሻይ ቤት ገና አንድ እግሩን እንዳስገባ፣

«ሰማችሁ? ሰውዬአችሁ ኳሷን ፈታት!» አለ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ኢስማኤል ነዋ! በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ፎርክሊፍት ላይ ጉብ ብሎ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፣ የፕላስቲክ ቆብ ደፍቶ። ጡሩንባ ነፋሁለት፣ እጁን አነሳልኝ። አለቀ ደቀቀ።»

ወሬው በሌላ ሳምንት ቢመጣ ኖሮ ከሻይ ጋር አወራርደን ዝም እንል ነበር። ግን ዓርብ ጨዋታ ነበር። ኢስማኤል አማካይ ሆኖ የሚጫወትለት የባልባላ ሰፈር ዳቦ ጋጋሪዎች ቡድን ከቀጠናው የመጋዘን ሠራተኞች ቡድን ጋር ሊጋጠም ነው። የተሸነፈ ይወርዳል። እኩል ከወጡም የሚወርዱት የእኛዎቹ ናቸው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ዓብዱሰመድ፣ አሰልጣኝ ቀጥሮ ከሚከፍል ብሎ ራሱ የሚያሰለጥነው ዓብዱሰመድ፣ «ከወረድን ቡድኑን አፈርሳለሁ፣ ማልያውን የምድጃ መወልወያ አደርገዋለሁ» ብሎ በሰው ፊት ምሏል። እንግዲህ የመሃል ሜዳችን አከርካሪ ሁለት ቀን ሲቀረው ከተጋጣሚው ግቢ፣ ያውም ብርቱካናማ ለብሶ ተገኘ ማለት ነው።

«አላምንም» አሉ እትዬ ፋናዬ፣ የሻይ ብርጭቆ እያጠቡ። «ያ ልጅ ኳስ ከሚያቆም ነሐሴ ላይ ጅቡቲ ውርጭ ቢጥል ይቀላል።»

«እኔም አላምንም» አሉ ሐጂ ሙሕሲን፣ ከጎን ያለው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ባለቤት፣ የሐረር ሰው። «ጫማውን ሰቀለ ትላለህ። የት ላይ ነው የሚሰቅለው? አንዲት ክፍል ውስጥ ሦስት ሴት ልጆች፣ አንዲት ሚስት፣ አንድ ቁም ሣጥን አለ። ሚስማር መምቻ ግድግዳ የለውም እኮ!»

ካሣ ግን ለዚህም መልስ ይዞ ነው የመጣው።

«እሺ። ሰውዬው ሌት ተቀን የሚላት ነገር ምንድናት? ‹ያልሠራሁበትን ቤት ማልያ አልለብስም› አይደል? ይኸው ሠራላቸዋ! ታዲያ ቀጥሎ የማንን ማልያ ሊለብስ ነው?»

 ወሬን በወሬ መመለስ ይቻላል፤ ሰውን በገዛ አፉ ሲከሱት ግን መልስ የለም። ቢሆንም አላመንንም። ለምን እንዳላመንን ለመናገር ሰውዬውን ከሥሩ ማስተዋወቅ ያስፈልጋል።

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰርጉ ድንኳን ቃልን እንደ ቃሉ የሚወስድ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌሎቻችን በይሉኝታ ተዋውለን እንኖራለን። «እንብላ» ስንባል «ይባረክ» ብለን እናልፋለን። «ብቅ በል እንጂ» ስንባል «እሺ» ብለን እንቀራለን። ይህ ሰው ግን «እንብላ» ሲሉት እጁን ይታጠባል። «ብቅ በል» ሲሉት «በስንት ሰዓት?» ይላል። «ምን ልርዳህ?» ብላችሁ የጠየቃችሁት ዕለት ቁም ሣጥን ተሸክማችሁ ሦስተኛ ፎቅ ስትወጡ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለ ሰው ሐሰተኛን ያሳብዳል፣ እውነተኛን ያደክማል፣ ይሉኝተኛን ያደኸያል። የዚህ ጎሳ ንጉሥ፣ ያለ ተቀናቃኝ፣ ክቡር ሙሴ፣ በጅቡቲ አፍ ክቡር አቶ፣ ኢስማኤል ናቸው። እኛም ከሰባት ዓመት በፊት ለይሉኝታ ያህል «ና ሻይ ጠጣ» አልነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይጠጣል።

ሥራውም እንዲሁ ነው የጀመረው። በፈረንጆቹ 1998፣ ድሬዳዋ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እያለ አንድ የከረሜላ ፋብሪካ ክለብ አስፈረመው። እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር ክለብ ብቻውን አይቆምም። የፋብሪካ ነው፣ የባንክ ነው፣ የወደብ ነው። ተጫዋቹም በወረቀት ላይ ሠራተኛ ይሆናል፦ መልእክተኛ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ረዳት ቴክኒሽያን። ያንን ሥራ ይሠራዋል ብሎ የሚጠብቅ ማንም የለም። ይህን ሥራ አስኪያጁ ያውቃል፣ ዘበኛው ያውቃል፣ የግቢው ድመት ታውቃለች። ያላወቀው ኢስማኤል ብቻ ነበር።

ኃላፊው እጁን ጨብጦ «ሰኞ ሥራ ትጀምራለህ» አለው። ኢስማኤል ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ምሳውን በፌስታል ቋጥሮ ከፋብሪካው በር ተገኘ። ፎርማኗ ሽርጥ አስታጥቃ ናና ከረሜላ ከሚጠቀልሉት ሴቶች መሃል አስቀመጠችው። በዚያው ሰዓት አሰልጣኙ ሜዳ ላይ ፊሽካውን እየነፋ «አዲሱ አማካይ የት ገባ?» ይላል። ማክሰኞ ጠየቀ፣ ረቡዕ ተቆጣ፣ በሁለተኛው ሳምንት «ጠፍቷል፣ በሌላ ቡድን ተሰርቋል» ተብሎ ወሬ ተነዛ። አንድ ቀን አሰልጣኙ ለልጆቹ ከረሜላ ሊያስመዝን ፋብሪካው ሲገባ፣ የጠፋው አማካይ ከሴቶቹ ሁሉ ፈጥኖ ሲጠቀልል ደረሰበት።

«አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ከረሜላ።»

«የምን ከረሜላ?»

«የናና። ሥራ ትጀምራለህ አላችሁኝ፣ ጀመርኩ።»

አሰልጣኙ ራሱን ይዞ ተቀመጠ ይባላል። ቀጥሎ በመጣው እሑድ ግን ታይቶ የማይታወቅ ነገር ሆነ። ስታዲየም ረግጠው የማያውቁ የከረሜላ ሴቶች ሽርጣቸውን እንደታጠቁ መጥተው አንዱን ጎን ሞሉት። ኢስማኤል ኳስ በነካ ቁጥር «የእኛ ልጅ! የእኛ ልጅ!» ይላሉ። ሌሎቹ ተጫዋቾች ያንን ማልያ ሦስት ዓመት ሲለብሱ ስማቸውን የጠራላቸው አልነበረም። ኢስማኤል ያቺን ጩኸት ሰማ፣ ዋጣት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያልሠራበትን ቤት ማልያ አልለበሰም።

ያው አሰልጣኝ ታዲያ ሌላም ነገር ነግሮት ነበር። «ስማ፣ አንተ አማካይ ነህ። የአንተ ሥራ ማቀበል ነው። ማቀበል ብቻ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ገባው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ኢስማኤል ወደ ጎል አልመታም። በአምስት አገር፣ በስምንት ማልያ፣ አንድም ቀን! ሰውዬው ኳሷን ሲይዝ ሜዳው ይከፈትለታል፣ ጎሉ እንደ ሰርግ ቤት በር ወለል ይልለታል፤ እሱ ግን ቀና ብሎ የሚቀበለው ሰው ይፈልጋል። በረኞች ይህን ከሰሙ በኋላ ኢስማኤል ኳስ ሲይዝ ማረፊያቸው አደረጉት። የጫማ ማሰሪያቸውን ያጠብቃሉ፣ መፋቂያ አውጥተው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ።

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ወጣ፤ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ክለብ ወሰደው። በወረቀት ላይ የደንበኞች አገልግሎት ረዳት ነበር። ኃላፊው በቀልድ «እንግዲህ ደንበኛ የሚጠይቅህን ሁሉ በቅንነት ትመልሳለህ» አለው። ኢስማኤል ክራቫት ተውሶ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። አንዱ ደንበኛ መጥቶ «ይህ ውል መኪናዬ ገደል ብትገባ ይሸፍናል?» አለ። ኢስማኤል ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበበና «ገደል ከገባች አይሸፍንም። ገደሉ ወደ እርስዎ ከመጣ ይሸፍናል» ብሎ መለሰ። በመንፈቁ መስኮቱ ጋ ወረፋ ጠፋ፣ ስታዲየሙ ግን ሞላ፤ የሞሉት እውነት የተነገራቸው ደንበኞች ናቸው። ኩባንያው «ለክለቡ ጥቅም ሲባል» ብሎ ሸጠው። የተሸጠው ባሕር ተሻግሮ ነው።

ዓረብ አገር፣ ዓደን የበረዶ ፋብሪካ ክለብ ገባ። ሙቀት ሽሽት የተፈረመ በዓለም የመጀመሪያው የዝውውር ውል እሱ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ጠዋት የበረዶ ግንድ ተሸክሞ ለዓሣ አጥማጆች ያድላል፣ ማታ ልምምድ ሲመጣ ትከሻው ገና ይንጠባጠባል። ፖርት ሱዳን የሳሙና ፋብሪካ ቡድን ወሰደው፤ ተከላካዮች ማልያውን ቢይዙት ሾልኮ እያመለጣቸው ሁለት ጊዜ አቤቱታ ቀርቦበታል። ሰላላ በምትባል የዓረብ የባሕር ዳር ከተማ የሳርዲን ጣሳ ሲያሽግ የሕይወቱን ምርጥ የውድድር ዘመን አሳለፈ፤ ከዓሣው ሽታ የተነሣ አንድም ተከላካይ ከአምስት ሜትር በላይ አልቀረበውም። ባለቤቱን ሀኪማን ያገባትም በዚያው ሰሞን ነው። የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ምላሷ እንደ ሐረር በርበሬ ነው። «የሰው ባል ከየአገሩ ወርቅ ያመጣል» ትላለች፣ «የእኔው ከየአገሩ ሽታ አመጣልኝ።»

በ2010 ወደ ጅቡቲ መጣ። የወደብ ጫኞች ቡድን ገባና ከነፋሱና ከከረጢቱ ጋር ሲታገል ፎርክሊፍት መንዳት ለመደ። ከዚያ ጨው ጫኞች ዘንድ ሄዶ ከንፈሩ እስኪሰነጠቅ ጨው አወጣ። በመጨረሻ ባልባላ፣ ዓብዱሰመድ ዳቦ ቤት ደረሰ። ጎህ ሲቀድ ያንን ረጅሙን የፈረንሳይ ዳቦ ያቦካል፣ ይጋግራል፣ ጠዋት በባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ያድላል፣ ከሰዓት በኋላ ቅንድቡ ዱቄት እንደያዘ ሜዳ ይወጣል። ማልያው ነጭ ስለሆነ ዱቄቱ የት እንደሚያበቃ፣ ልብሱ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ባልባላ ውስጥ ዳቦ የበላ ሁሉ ከእጁ በልቷል። ስለዚህ ሜዳው ዳር የሚቆመው ሰው ጨዋታ ሊያይ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ዳቦ አቀባዩ ዛሬ ደህና መሆኑን ሊያይም ጭምር ነው።

ሰውዬው ይህ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው፣ ዓርብ ሊጫወት፣ ረቡዕ ጫማውን ሰቀለ ቢሉን እንዴት እንመን?

ሐሙስ ሀኪማ ራሷ ከሐጂ ሙሕሲን ሱቅ ጨርቅ ልትገዛ መጣች። እትዬ ፋናዬ ከሻይ ቤቱ መስኮት ሆነው ጠሯት።

«አንቺ ሀኪማ! ባልሽ የት ነው ያለው? እውነቱን ንገሪን፣ ይህ ሹፌር ሊያሳብደን ነው።»

ሀኪማ ዘንቢሏን አስቀምጣ ገባች። ነገሩ እንዲህ ነው አለች። ባለፈው ሳምንት ኢስማኤል ለቀጠናው በር ዘበኞች ዳቦ ሲያድል የአንድ መጋዘን ኩባንያ የሠራተኛ ኃላፊ፣ ሙሴ ባሺር፣ ትከሻውን መታ አድርጎ «አንተ እኮ የእኛ ሰው ነህ፣ ና እኛ ጋ፣ በሩ ክፍት ነው» ይለዋል። ሰው ለሰው የሚለው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ኢስማኤል ምሳውን ቋጥሮ በተከፈተው በር ገባ።

«ባሺር መጀመሪያ ደነገጠ አሉ» አለች ሀኪማ። «ከዚያ ሳቀ። ቋሚ ሥራ እሰጥሃለሁ አለው። የኩባንያ ቤት፣ ሁለት ክፍል፣ ውሃው ከውስጥ። ከቅዳሜ ጀምሮ። እኔ ደስ አይበለኝ ትላላችሁ? ትልቋ አሥር ዓመት ሞላት እኮ፣ በመጋረጃ ነው የምትለብሰው።»

«እሱስ ምን አለ?» አሉ ሐጂ ሙሕሲን።

«እሱማ ምን ይላል? ‹ልየው› ይላል። ማክሰኞ ሄደ፣ ረቡዕ ሄደ። ጎህ ሲቀድ ሊጡን አቡክቶ ነው የሚሄደው፣ ዓብዱሰመድ የት ትሄዳለህ ሲለው ‹ሥራ› ይለዋል። ማታ ሲመጣ አያወራኝም። ቁጭ ብሎ እጁን ያያል።»

«እጁን?»

«እጁን። ንጹሕ ነው። ካገባሁት ጀምሮ ንጹሕ እጅ ይዞ ቤቴ ገብቶ አያውቅም።»

ካሣ ጠረጴዛውን መታ። «ያው ነው! ፎርክሊፍት እጅ አያቆሽሽም። በመሪ ነው፣ በዘንግ ነው።»

እትዬ ፋናዬ ኢስማኤል ዘወትር የሚቀመጥባትን፣ አንድ እግሯ አጭር የሆነችውን ወንበር ገፋ አድርገው አስጠጓት። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አልተቀመጠባትም ነበር። ስንፍና አይደለም፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥባት ትወላገዳለች። እሱ ብቻ ነው ሚዛኗን የሚያውቀው።

«አንቺስ ምን ትመክሪዋለሽ?» አልናት።

ሀኪማ ዘንቢሏን አነሳች። «እኔ ሁለት ክፍል እፈልጋለሁ» አለች፣ «ግን እጁን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» ብላ ወጣች።

ዓርብ ጨዋታው አስር ሰዓት ላይ ነበር። በዚህ ከተማ የጨዋታ ሰዓት ማውጣት ከባድ ጥበብ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው የዕለቱ ጫት ከመድረሱ በፊት ያደረጉት እንደሆነ ተመልካች የለም፤ ከደረሰ በኋላ ያደረጉት እንደሆነ ዳኛ የለም። የዚያን ቀን ግን ጫቱ ደርሶ፣ ገና ሳይፈታ፣ ካርቲየ ሰባት ጭር አለ። እትዬ ፋናዬ «ዘመድ ጥየቃ» ብለው ሻይ ቤቱን ዘጉ። ሐጂ ሙሕሲን «ሂሳብ ልሠራ» ብለው ሱቁን ዘጉ። እኔም «ትንሽ ጋደም ልበል» ብዬ ወጣሁ። ሦስታችንም ባልባላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተገናኘን። ከኋላ ወንበር ላይ፣ ፊቱን በጋዜጣ ሸፍኖ፣ ወደብ ላይ መሆን የነበረበት ካሣ ተቀምጧል።

ሜዳው ድንጋይና አቧራ ነው። ነፋሱ አቧራውን ከአንዱ ጎል ወደ ሌላው ጎል ያመላልሰዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ከሁለቱም ቡድን የተሻለ ያቀብላል። ዳቦ ሻጭ ሴቶች በግራ ቆመዋል፣ የመጋዘን ሰዎች ብርቱካናማ ሰደርያቸውን ለብሰው በቀኝ። ሙሴ ባሺር ጥላ አስይዞ ከመሃል ተቀምጧል። ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ ኢስማኤል የለም። ዓብዱሰመድ ፊሽካውን እያኘከ መንገድ መንገዱን ያያል። ካሣ አንገቱን ሰብሮ «አላልኳችሁም?» ይላል፣ ግን ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም።

ዳኛው ሰዓቱን ሲያይ አንድ ባለ ሦስት ጎማ የዳቦ ጋሪ በአቧራው መሃል ብቅ አለ። ኢስማኤል ነው። ነጭ ማልያውን ለብሷል፣ ቅንድቡ ዱቄት ነው፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ሊጥ ደርቆበታል። ዳቦ ሻጮቹ እልልታውን አቀለጡት። ሙሴ ባሺር ከጥላው ሥር ሆኖ ጮክ ብሎ፣

«ኢስማኤል! እግርህ እንዴት ነው? አሞሃል አሉ!» አለው።

ኢስማኤል ቆም ብሎ እግሩን አየ። አንዱን አነሳ፣ ሌላውንም አነሳ።

«ኧረ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ!» ብሎ መለሰና ሜዳ ገባ።

ጨዋታውን እንዴት ልንገራችሁ? ኢስማኤል አቀበለ። ወደ ቀኝ አቀበለ፣ ወደ ግራ አቀበለ፣ ሰው በሌለበት አቀበለና ሰው ሮጦ ደረሰበት። አጥቂዎቻችን ግን ኳሷን ወደ ሰማይ፣ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንዷንማ ወደ አንዲት ፍየል ላኩ። ዜሮ ለዜሮ። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ዜሮ ለዜሮ ደግሞ ለእኛ መውረድ ነው። የሠላሳ ስምንት ዓመቱ ሰው ጎንበስ ብሎ ትንፋሹን መሰብሰብ ጀምሯል። ዓብዱሰመድ «ልቀይርህ?» ቢለው «እንደ ፈለግህ» የሚል መስሎን ፈራን፤ እሱ ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከመሬት ወድቆ ተነሣ፣ እንደገና ወድቆ ተነሣ። ሊጡ ከክንዱ ላይ በላብ ረጥቦ እንደገና ቦካ።

የመጋዘኖቹ በረኛ አብዱልፈታሕ የሚባል ቀልደኛ ነው። ቁመቱ የመብራት ምሰሶ ያህላል። ሙሉ ጨዋታውን በኢስማኤል ሲጫወትበት ነበር የዋለው። ማብቂያው ላይ ኢስማኤል ከሩቅ ኳስ ይዞ፣ ማን ይቀበለኝ ብሎ ቀና ሲል፣ አብዱልፈታሕ ምሰሶውን ተደግፎ መፋቂያውን ከጥርሱ ሳያወጣ፣

«አባባ! ኧረ አንድ ቀን እንኳ ምታት! ፈቅጄልሃለሁ!» አለው።

ኢስማኤል ኳሷን በጫማው ይዞ ቆመ።

«እኔን ነው?»

«አንተን ነው! ምታ እንጂ!»

«እሺ» አለ ኢስማኤል።

መታት። ኳሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ታስራ የቆየች ነበር የምትመስለው። አቧራውን ሰንጥቃ፣ የመብራት ምሰሶውን በብብቱ ሥር አልፋ መረቡ ላይ ተለጠፈች። አብዱልፈታሕ መፋቂያው ከአፉ አልወደቀም፤ መውደቅ እንዳለበት የሚያስታውሰው አልነበረም። ባልባላ ተንቀጠቀጠች። ሐጂ ሙሕሲን ካሣን አቅፈው ዘለሉ፣ ካሣ እትዬ ፋናዬን አቀፈ፣ እኔ ማንን እንዳቀፍኩ አላውቅም፣ ብርቱካናማ ለብሶ ነበር። ኢስማኤል ብቻ ፊቱ የጥፋተኛ ፊት ሆኖ ወደ ዓብዱሰመድ ዞረ።

«አለቃ፣ እሱ ነው ምታ ያለኝ!»

ጨዋታው እንዳለቀ ሁላችንም ተጭነን ካርቲየ ሰባት ተመለስን። እትዬ ፋናዬ ሻይ ቤቱን ከፈቱ። ኢስማኤል አንድ እግሯ አጭር የሆነችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሚዛኗን አስያዛት፤ ሻዩም በሦስተኛው ቀን ሻይ ሻይ አለን። ሀኪማ ከጎኑ ተቀምጣለች፣ ዓብዱሰመድ ከፊቱ ቆሞ ከደስታው ብዛት ሁሉን ሰው ይጨብጣል። ካሣ ግን ወሬው በእጁ ላይ ሊበላሽበት ነው። ወሬ እንደ ቲማቲም ነው፤ ያመጣው ነው የሚከስረው።

«እንግዲህ የስንብት ጨዋታህ አማረ» አለው። «ነገ ፎርክሊፍትህ ላይ ትወጣለህ።»

«የምን ፎርክሊፍት?»

«አየሁሃ! ተቀምጠህበት!»

«አዎ፣ ተቀምጬበት ነበር።»

«ታዲያ!»

«ሲንቀሳቀስ አይተኸዋል?»

ካሣ አሰበ። «ቆም ብሎ ነበር። ቀይ መብራት ይዞት መስሎኝ።»

«መጋዘን ግቢ ውስጥ ምን ቀይ መብራት አለ አቦ!» አሉ ሐጂ ሙሕሲን።

«ሞተር የለውም» አለ ኢስማኤል። «ሞተሩን ካወጡት ቆይቷል። እኔና አንዲት ድመት ነበርን። ማክሰኞ ሄድኩ፣ ሥራው ምንድነው አልኩት ባሺርን። ሰደርያና ቆብ ሰጠኝ፣ የፕላስቲክ ወንበር አመጣልኝ። ‹ሥራው ይኸው ነው፣ ተቀመጥ። ዓርብም እግሬን አሞኛል ብለህ እዚሁ ተቀመጥ፣ ቅዳሜ ቋሚ ነህ› አለኝ። የሚጫን አለ፣ የሚወርድ አለ፣ አንድ ከረጢት ላንሳ ስል ‹ኧረ አይገባም!› ብለው ይነጥቁኛል። ረቡዕ ወንበሩ ፀሐይ መታው። ፎርክሊፍቱ ጣሪያ አለው፣ ወጣሁበት። ካሣ ጡሩንባ ነፋልኝ፣ ሰላም አልኩት።»

 ሀኪማ እጁን ይዛ ገለበጠችው። ሊጡ በጥፍሩ ሥር ገብቷል።

«ሐሙስ ከዚህ እንደተመለስኩ ነገረኝ» አለች። «በቃ ወንበራቸውን መልስላቸው፣ አንተ ሊጥህን አቡካ አልኩት። ሥራ የፈታ ኢስማኤል ቤት ውስጥ ከሚቀመጥብኝ! ለእሱ ሁለት ክፍል አይበቃውም፣ አሥር ክፍልም አይበቃውም።» ይህን ስትል ግን ድምፏ ትንሽ ተሰበረ፤ መጋረጃውን ያሰበች መሰለን።

ዓብዱሰመድ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ወንድሜ!» አለ፣ ደረቱን እየመታ፣ ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ለእኔ ብለህ! ቡድኔን አተረፍክልኝ! ከዛሬ ወዲያ ቤቴ ቤትህ ነው!»

ኢስማኤል ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«የቱ? ከዳቦ ቤቱ ኋላ ያለው ባለ ሁለት ክፍሉ?»

ዓብዱሰመድ አፉን ከፈተ። ግራ ቀኙን አየ። እትዬ ፋናዬ አዩት፣ ሐጂ ሙሕሲን አዩት፣ ሁላችንም አየነው።

«እእ… እሱ እንኳ… ባዶ ከረጢት ነው ያለበት…»

«ከረጢቱን ነገ ከሊጡ በኋላ አወጣዋለሁ» አለ ኢስማኤል። «በስንት ሰዓት ቁልፍ ታመጣለህ?»

ሀኪማ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ ዓብዱሰመድም ቆይቶ፣ ሌላ ምርጫ አልነበረውም፣ ሳቀ። እኛ ለዘመናት በይሉኝታ የበተንነውን ቃል ሁሉ የሚለቅም አንድ ሰው በመካከላችን ባይኖር፣ ማናችን በእውነት ደግ እንሆን ነበር?

ካሣ ብቻ ፊቱ እንደጨፈገገ ነው። ነገ ተሳቢውን ይዞ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ያለው ሾፌር ሁሉ ይጠብቀዋል።

«እሺ እኔስ ምን ልበላቸው?» አለ። «እስከ ድሬዳዋ ነዝቼዋለሁ እኮ። ሠላሳ ስምንት ዓመትህ ነው፣ ጎልህን አገባህ፣ ቤትህን አገኘህ። ቢያንስ ጫማህን ሰቅለሃል ልበል? እባክህ፣ እሷን እንኳ ተውልኝ።»

ኢስማኤል ከጠረጴዛው ሥር እግሩን አውጥቶ አሳየው። ጫማው ገና እግሩ ላይ ነው፣ አቧራና ሊጥ ጠጥቷል።

«አልሰቀልኩም» አለ። «ፎርክሊፍት አልነዳሁም፣ ኳስ አላቆምኩም። አንዱም አልሆነም፣ እንዲያ በላቸው።»